ብረቱ የት ላይ ቆመ?

ጎጃም ውስጥ ሰላምታ ሲረዝም የሚያርፍበት ቦታ አንድ ነው… ወገብ! ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ አዝመራው ደህና… «እርስዎስ?» ሲባሉ «እኔማ ይኸው ወገቤን!» የማይሉ እናት ብዙ አላጋጠሙኝም። ለነገሩ ወገብ የህመም ስም ብቻ አይደለም። ለሥራ የቆረጠ ሰው «ወገቡን ታጥቆ ተነሣ» ይባላል። ሐዘን የጎዳው ደግሞ «ወገቤ ተቆረጠ» ይላል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ወገብ ብጽፍ «ከቁም ነገር ወጣሽ» የሚለኝ አይኖርም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጉዳዩ ወዲህ ነው። ዴድሊፍት የሚባል የጂም እንቅስቃሴ አለ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። መሬት ላይ የተቀመጠን ብረት ጎንበስ ብሎ መያዝ፣ ይዞ ቀጥ ብሎ መቆም፣ መልሶ ማስቀመጥ። አለቀ። ኤዲ ሆል የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2016 ሊድስ ከተማ ውስጥ 500 ኪሎ አንሥቶ ቆሟል፤ እዚያ ቁጥር ላይ የደረሰ የመጀመሪያው ሰውም እሱ ነው። ለእኛ አካባቢ ሰው በሚገባው ቋንቋ አምስት ኩንታል በቆሎ መሆኑ ነው። (ሰውየው ሲጨርስ ከአፍንጫው ደም ፈሷል፤ እናቴ ይህን እንዳታነብ!)

እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የምሠራበት ቤት፣ ጂም ከተባለ፣ ከሊድስ በጣም ይርቃል። ብረቱ ወፍራም የውሃ ቧንቧ ነው። ክብደቶቹ አብዛኞቹ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ የተሞላ ሲሚንቶ ናቸው። ትክክለኛ ኪሏቸውን ያወቅነው እህል ነጋዴ ዘንድ ወስደን በሚዛን አስመዝነን ነው። አንዱ «ሃያ ኪሎ» የተባለው 17 ሆኖ ሲገኝ የአንዳንድ ጎረምሶች ክብር በአንድ ቀን ወርዷል።

እዚያ ቤት ውስጥ ሴት ብዙ የለችም። (በጂም ቋንቋ «ሴት» ማለት ዙር ማለት ነው። «ስንት ሴት ቀረህ?» ሲባባሉ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር።) ዴድሊፍት ስጀምር አንድ ወንድም በቅን ልብ መጥቶ «እህቴ፣ ሴት ልጅ ወገቧን ትጎዳለች፣ ቀለል ያለውን ያዢ» አለኝ። ያን ጊዜ በሩ ክፍት ነበር፤ ቀኑም የገበያ ቀን ነበር። በበሩ ፊት ለፊት ከገጠር የመጡ ሴቶች የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው አዝለው፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ተተክሎ፣ በሰልፍ ያልፋሉ። የእኔ ሲሚንቶ ተመዝኗል። የእነሱን እንጨት የመዘነው የለም። «ቀለል ያለውን ያዢ» ያላቸውም እንዲሁ።

ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። አሁን ወደ ብረቱ።

አሥራ ሁለቱ ምርጥ…

ዴድሊፍት የሚያነሣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይቆማል። እኔም 70 ኪሎ ላይ ቆምኩ። 75 ሲደረግበት ብረቱ ከመሬት ይነሣል፣ ጉልበቴ ሥር ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ ፍንክች የለም። እንዲህ ሲሆን ፈረንጆቹ የሚሉት «አጋዥ እንቅስቃሴ ጨምር» ነው። አጋዥ ማለት ዋናውን ሳይሆን ዋናውን የሚሸከሙትን ጡንቻዎች ለብቻቸው የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው። ስልክ ከፍታችሁ ከፈለጋችሁ «አሥራ ሁለቱ ምርጥ አጋዦች»፣ «ወገብህን ብረት የሚያደርጉ ሰባት»… ማለቂያ የለውም። የእኛም ቤት ልጆች አንዱን ቪዲዮ ሰኞ፣ ሌላውን ማክሰኞ ይሠሩ ነበር።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል ስለ ጂም ማውራት ቅንጦት ይመስላል፤ ነውም። ግን ቤቱ ክፍት በሆነባቸው ቀናት ሰዎች እየመጡ ይሠሩ ነበር፤ ምናልባትም ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይፈልጉት ነበር። ስልኩ ዝም ሲል እርስ በርስ መተያየት ጀመርን። እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። ጋዜጠኝነት ደግሞ ከምንም በፊት የሚያስተምረው ጥያቄ ነው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ቪዲዮዎቹ ሁሉ «ምን ልሥራ?» ለሚለው መልስ ነበሩ። «የት ላይ ነው የቆመብህ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ቁልፉ ግን እሷው ናት። ብረቱ የት ላይ ቆመ?

ሃምሳ ሎሚ

መጀመሪያ ማን እንደሚሸከም እንወቅ። ዴድሊፍትን ብዙ ሰው የወገብ ሥራ ይለዋል፤ ወገብ ግን ከተሸካሚዎቹ አንዱ ብቻ ነው። ባት አለ፣ የታፋ ኋላ ጡንቻ አለ፣ መቀመጫ አለ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ እንደ ገመድ የተዘረጉት አሉ፣ ከብብት ሥር ወርደው ብረቱን ወደ ሰውነት የሚስቡት ሰፋፊዎቹ የጀርባ ጡንቻዎች አሉ። በጥቅሉ «የኋላ ሰንሰለት» ይሏቸዋል። የእኛ አባቶች ይህን ሁሉ በአንድ ተረት ጨርሰውታል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ትልቁ ጉልበት ያለው መቀመጫና ታፋ ላይ ነው። እነሱ ድርሻቸውን ካልያዙ ሎሚው ሁሉ ወገብ ላይ ይከመራል። ወገብ ደግሞ ይሉኝታ ያለው ጡንቻ ነው። እምቢ አይልም፤ ይሸከምና በኋላ ነው የሚከስሰው።

ስለዚህ አጋዥ መምረጥ ማለት ከሃምሳው መካከል ሎሚውን የጣለው ማን እንደሆነ ማጣራት ነው። የማጣሪያው ዘዴ ይኸው፤

ብረቱ ከመሬት አልላቀቅ ካለ፦ ጉድለቱ ብዙ ጊዜ መሬቱን የሚገፋው እግር ነው። ስኳት ይጠቅማል። ሌላው፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ጣውላ ላይ ቆሞ ማንሣት ነው። ጉዞው ይረዝማል፣ አነሣሡ ይከብዳል፤ ወደ መሬት ሲመለሱ ይቀላል። ወይም ብረቱን ከመሬት ትንሽ አንሥቶ ለሁለት ሰከንድ ማቆየት፣ ከዚያ መቀጠል።

ጉልበት አካባቢ ከቆመ፦ የታፋ ኋላና መቀመጫ ዳሌን ወደ ፊት እየገፉ አይደለም ማለት ነው። ለዚህ የታወቀው መድኃኒት ሮማኒያን ዴድሊፍት ነው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ወርቅ ካገኘው ሮማኒያዊ ክብደት አንሺ ከኒኩ ቭላድ ነው። ቆሞ ይጀመራል። ጉልበት ትንሽ ታጠፍ ይልና እዚያው ይቆያል፤ መቀመጫ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ብረቱ ጭንን እየታከከ ከጉልበት በታች ይወርዳል፣ መሬት ሳይነካ ይመለሳል። በሁለቱም እጅ እንጀራ ይዛችሁ የመኪና በር በመቀመጫ ለመዝጋት ሞክራችሁ ታውቁ ከሆነ እንቅስቃሴው እሱው ነው። መሣሪያ ለሌለው ደግሞ ተንበርክኮ፣ ጓደኛ ተረከዝን ይዞ፣ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ ቀስ እያሉ ወደ ፊት መውረድ አለ። ነፃ ነው፤ ህመሙ ግን ነፃ አይደለም።

ከጉልበት ካለፈ በኋላ ቀጥ ማለት ካቃተ፦ መቀመጫ ነው። ጀርባን አግዳሚ ወንበር ላይ አስደግፎ፣ ብረት ዳሌ ላይ አድርጎ ወደ ላይ መግፋት ሂፕ ትረስት ይባላል። (ፎጣ ከሥር አድርጉ። የውሃ ቧንቧ ርኅራኄ የለውም።) ብረቱን አሮጌ ጎማዎች ላይ አስቀምጦ ከጉልበት ከፍታ ማንሣትም ለዚሁ ይሆናል።

ጀርባ እንደ ቀስት ከጎበጠ፦ ጎንበስ ብሎ ብረትን ወደ ሆድ መሳብ፣ እና ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ እጅ እንደሚነሣ ሰው ከዳሌ መታጠፍ። ይህን ሁለተኛውን ፈረንጆቹ «ጉድ ሞርኒንግ» ይሉታል። ጎጃም ውስጥ ለትልቅ ሰው እንዲያ ብላችሁ እጅ ብትነሡ ትመረቃላችሁ። ግን በቀላል ክብደት ነው።

ብረቱ ከእጅ ካመለጠ፦ ጀርባችሁን አትውቀሱት፤ የጎደለው የጣት ኃይል ነው። ይዞ መቆየት፣ መንጠልጠል፣ ይዞ መራመድ። ወደዚህኛው መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

አሜሪካዊው አሠልጣኝ ሉዊ ሲመንስ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ያረፈው፣ ዕድሜውን ሁሉ ያስተማረው ይህንኑ ደካማ ጎንን ፈልጎ ማከም ነበር። ራሱ አከርካሪው ተጎድቶ በሆድ ተኝቶ እግርን ወደ ኋላ የሚያነሡበት መሣሪያ ሠርቶ በስሙ አስመዝግቧል። እኛ መሣሪያው የለንም፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ግን አለን። እሱም ይሠራል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የመረጥኩት ሁለት ብቻ ነው። ሮማኒያን ዴድሊፍት በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሦስት ዙር፣ በየዙሩ ስምንት ጊዜ፤ እና ጉልበት ሥር ቆም የሚል ዴድሊፍት በቀላል ክብደት። አሥራ ሁለቱን ምርጥ ብሠራ ኖሮ የትኛው እንደረዳኝ በምን አውቃለሁ? በሰባተኛው ሳምንት 75 ኪሎ ተነሣ። ከወር በኋላ 80። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በቀይ ተጽፏል።

ሁለተኛው ጥያቄ ቡሬ ላይ

«የት ላይ ቆመ?» ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ያስተማረኝ ቡሬ ነው።

ቡሬ የበቆሎና የበርበሬ ከተማ ናት፤ ወደ ወለጋ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከእሷ ነው። እህል ባለበት ደግሞ ጫኝና አውራጅ አለ። መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ስሄድ አንድ ጎረምሳ ጫኝ፣ ብረት እንደማነሣ ሰምቶ ኖሮ፣ «እኔም ማታ ማታ እሠራለሁ፤ ለወገቤ ምን ልጨምርበት?» አለኝ። ዛሬ ስንት ጫንክ አልኩት። «አርባ ሳይሆን አይቀርም» አለ። አርባ ኩንታል! ሁለት ሰው ትከሻው ላይ ያወጣለታል፣ እሱ ሳንቃ ላይ ወጥቶ መኪና ላይ ያራግፋል፣ ይመለሳል። እኔ ጠንክሬ በሠራሁበት ቀን 70 ኪሎ አሥራ አምስት ጊዜ ባነሣ ድምሩ አሥር ኩንታል ተኩል ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አርፋለሁ። እሱ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዚያው ነው።

ታዲያ ለዚህ ልጅ ምን ይጨመራል? ምንም! ከአሜሪካ የተጻፈው ፕሮግራም የተጻፈው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ነው። ያ ሰው የጎደለው ሸክም ነው። ለዚህኛው የተረፈው እሱ ነው። የሚጎድለው ያልሸከመበት እንቅስቃሴ ነው፤ መንጠልጠል፣ በአንድ እግር ያለ ክብደት መሥራት፣ ዳሌን ማፍታታት፣ ከሁሉም በላይ እንቅልፍና እራት። ይህን ስነግረው ቅር አለው። «በቃ ተኛ ነው የምትዪኝ?» አለ። አዎ፣ ተኛ።

ስለዚህ ሁለተኛዋ ጥያቄ ይህች ናት፤ ቀንህ ምን አሸክሞህ ዋለ? አጋዥ የሚባለው ቀናችሁ ያልሰጣችሁ ነገር ነው። ለባንክ ሠራተኛዋ ብረቱ አጋዥ ነው። ለጫኙ ዕረፍቱ።

ነገሩ ግን በምክር ብቻ አያልቅም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 128፣ አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ በእጅ የሚያጓጉዘው ክብደት ከ55 ኪሎ የሚበልጥ ከሆነ በቶሎ ወደዚያ እንዲወርድ ይመክራል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ተቋም ቀመር ደግሞ ሁሉም ነገር ቢመቻች እንኳ ለማንሣት የሚነሣው ከ23 ኪሎ ነው። የእኛ ጆንያ 100 ይይዛል። ማዳበሪያው በ50 ኪሎ ከረጢት መምጣት ከቻለ እህሉ በ50 የማይሞላበት ምክንያት ምንድን ነው? ጆንያ ሰፊው የሚቆርጠው ልክ ነው እኮ!

ማርያም ዕለት

አሁን በሩ ላይ ወደተውኳቸው ሴቶች ልመለስ። «እነሱማ ለምደውታል» የሚል መልስ ሁልጊዜ አለ። ለዚህ መልስ ሳይንስ የሚጠቅሱም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የኬንያ የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች ከሰውነታቸው ክብደት እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ሸክም ተጨማሪ ጉልበት ሳያወጡ ተሸክመው መራመድ እንደሚችሉ አሳይቷል። ድንቅ ነው። ግን ሒሳቡን እንሥራው። 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 20 በመቶ ማለት 10 ኪሎ ነው። የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ 40 በመቶ። ነፃው ሸክም እዚያ ግማሽ መንገድ ላይ አልቋል። ደግሞም የኬንያዎቹ በአናታቸው ወይም በግንባራቸው ባሰሩት ጠፍር ነው የተሸከሙት። የእኛዎቹ እንስራውንም ጀሪካኑንም በጀርባቸው በገመድ አዝለው ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት።

ያውም ከውሃው በፊት አረም ነበር፣ አጨዳ ነበር፤ ሁሉም ጎንበስ። ሥልጠናና ልፋት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በሥልጠና ክብደቱን የምመርጠው እኔ ነኝ፣ ዙሩን እኔ፣ የዕረፍቱን ቀን እኔ። በልፋት የሚመርጡት ምንጩና የቤተሰቡ ቁጥር ናቸው።

ዕረፍት በባህላችን የለም እንዳትሉ፤ አለ። የጂም ሰዎች በየጥቂት ሳምንቱ ክብደት ቀንሰው የሚያርፉበት ሳምንት አላቸው። የጎጃም ገበሬ ከዚያ በፊት ነው ያወቀው። እሑድ አይታረስም። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ አይታረስም። በሬው ያርፋል፣ ቀንበሩ ያርፋል፣ ገበሬውም ያርፋል። ግን በማርያም ዕለት ውሃ አይጠጣም? እንግዳ አይመጣም? ወጥ አይሠራም? በዓል ሲሆን እንዲያውም ውሃው ይጨምራል። ቀንበሩን ያሳረፈ የቀን መቁጠሪያ እንስራውን ረስቶታል።

እናቴ የገጠር ልጅ ናት። 25 ኪሎ ዱቄት ከመሬት ስታነሣ ጀርባዋ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ያለ ነው፤ መቀመጫዋ ወደ ኋላ፣ ዱቄቱ ወደ ደረቷ፣ መቀነቷ ጠበቅ። ማንም አሠልጣኝ አላስተማራትም። የተካነ አነሣሥ አላት፤ ወገቧን ግን ያማታል። እና እሷን የሚረዳት የትኛው አጋዥ እንቅስቃሴ ነው ብዬ ዝርዝሬን ከላይ እስከ ታች ባየው አንድም አላገኘሁም። (ህመሙ ወደ እግር የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ ጂም ሳይሆን ጤና ጣቢያ ነው የሚኬደው። እሷንም ወስጃታለሁ።) እሷን የሚያግዛት እንቅስቃሴ ሳይሆን አጋዥ ሰው ነው። አህያ፣ ጋሪ፣ የቀረበ ቦኖ፣ እና ሎሚውን የሚከፋፈል ወንድ ልጅ።

የገበሬ እርምጃ

እንግዲህ የጣት ኃይል ላይ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ለጣትም፣ ለትከሻም፣ ለሆድም፣ ለኋላ ሰንሰለቱም ባንድ ጊዜ የሚሠራ ግሩም አጋዥ አለ። ፈረንጆቹ «ፋርመርስ ዎክ» ይሉታል፤ የገበሬ እርምጃ። በሁለት እጅ ከባድ ነገር ይዞ ደረትን ቀና አድርጎ መራመድ ነው። የእኛ ቤት ልጆች ይወዱታል። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አሸዋ ሞልተው ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳሉ፤ አንዱ በስልክ ይቀርጻል፣ ሌላው «በለው!» ይላል። ከሚሠሩት መካከል እህቱ ያን ሰዓት ቦኖ ላይ ተሰልፋ የምትጠብቅ ቢያንስ አንድ አውቃለሁ።

ብረት ማንሣቴን ያወቀች ቀን እናቴ ያለችኝ ይህንኑ ነበር። «የሚያነሣ እጅ ካለሽ ጀሪካኑ ያውልሽ» አለችኝ። ያኔ ሳቅን። አሁን ሳስበው ግን ከአሥራ ሁለቱ ምርጥ ሁሉ የተሻለ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ለጂም ወንድሞቼ በሙሉ የማዝዘው የዚህ ወር አጋዥ እንቅስቃሴ የሚከተለው ነው። ሁለት ጀሪካን፣ አሸዋ ሳይሆን ውሃ። ከቦኖ እስከ ቤት። ሦስት ዙር። በሳምንት ስድስት ቀን፤ ማርያም ዕለትንም ጨምሮ።

ስልክ መያዣ እጅ አይተርፍም እንጂ መቀረጽም ይቻላል።

ቸር እንሰንብት!